ገሚስ መስኮት

ከጥጋቡ ሱቅ ገዛሁት፣ ከአራዳ ቁልቁል ሲወረድ፣
መሃሉን ሰንጥቃው ታልፋለች ፀጉር የምታህል መንገድ።
ለዚያ ነው ዋጋው የረከሰ። ጥጋቡ ግን መች አፈረ፣
«የሌላው ሰው ታብሌት በጣት ይከፈላል፤ ያንተማ፣ ጋሼ፣
ሲወለድም ተከፍሎ ነበረ።»

ሥራዬ ግልበጣ ነው። ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት፣
ካንዲት ጠባብ ክፍል ሆኜ፣ የብራና ፎቶ በማየት፣
የርስት ውል፣ የመሬት ስጦታ፣ የእማኞች ስም ዝርዝር፣
ማን ለማን በሬ እንዳበደረ፣ የቱ ዋርካ እንደሆነ ድንበር፣
አንድ ባንድ እየለቀምሁ እተይባለሁ።

በፊት አንዱን ገጽ አይቼ፣ ዘግቼ ሌላውን ስከፍት፣
ቃሉ እደጅ ይቀር ነበር፣ እንደ እንግዳ በዝናብ ምሽት።
«ወለተ»ን «ወልደ» ብዬ ስንቷን ባለርስት ወንድ አደረግሁ፣
ካለፉ ከስንት ዘመን በኋላ የስንቱን ትዳር አናጋሁ።

ያኔ ነው ጥጋቡ ያሳየኝ፦ «ጠርዙን ያዝና ጎተት አርገው፣
ግራው ለብራናው ይሁን፣ ቀኙን ለምትጽፈው ተወው።»
ቆሙ፣ ጎን ለጎን፣ ሁለቱም። ያን ቀን አንድም ሴት አልጠፋችም።

ሻረው፣ የቢሮ ጓደኛዬ፣ ይሄን ሲያይ አይጥመውም፦
«ለሩብ ጥማድ መሬት ሁለት ወራሽ ምን ያደርጋል?
አንዱም አርሶ አይጠግባትም፣
አንዱም ጠግቦ አያርሳትም።»
እውነት አለው። የፊደል ገበታው ከታች ብቅ ሲል፣
ገሚሱን ገሚስ ይውጠዋል፤ የጻፍሁት አይታየኝም በውል።

ግን ምኑ ነው አዲስነቱ? ያስ ብራናውን የጻፈው፣
አንዱን መጽሐፍ ግራ አቁሞ አልነበር የገለበጠው?
ዓይኑ ሲሄድ ሲመለስ፣ መቃው ቀለም ሲጠጣ፣
ከዚያኛው ገጽ ወደዚህኛው ቃል ነው ወንዝ አቋርጦ የመጣ።

እስከዚህ ሰላም ነው።
ሰኔ ሲገባ ግን ደፈርሁ፤
ልጄ አዝመራ ከመተማ ስትደውል፣ ፊቷን በግራ አስቀመጥሁ፣
ጽሑፌን በቀኝ። ብራናውን በወረቀት አትሜ
ከጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ሁለት ገሚስ አልበቃኝም፣ ሦስተኛ ጨመርሁ ደግሜ።

እሷ ሙቀቱን አወራች፣ አለቃዋን፣ የጀሪካን ወረፋ፣
እኔ «እህ» እያልሁ እጽፋለሁ፣ የዋርካው ድንበር እንዳይጠፋ።
«አባ፣ ዓይንህ የት ነው?» አለችኝ። «እዚሁ፣ አንቺው ጋ» አልኋት።
ስንጥቋ ከመሃላችን ነበረች። እማኝ አድርጌ ቆጠርኋት።

በሳምንቱ መሪጌታ ልሳነወርቅ ሊያርሙልኝ መጡ፣
መነጽራቸውን ጠረጉ፣ አንድ መስመር ላይ ደርሰው አፈጠጡ።
«ይሄ ምንድር ነው? ‹ካህናቱም እማኝ ቆመው፣ ዳኛውም ምሎ፣
ውሃ ከጠፋ አራት ቀኑ፣ ከዋርካው ግርጌ ቀጥሎ
ያለውን ሰጥተንሃል› ይላል!
የቱ ንጉሥ ነው በሞቴ፣ ውሃ ጠፍቶበት ርስት የሚያድል?»

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ መሃል ላይ ቀረ።
ያንን ቃል ጣቴ ነው የሰማው፤ ጆሮዬ አልሰማም ነበረ።
ልጄ አራት ቀን ውሃ አጥታ ነግራኛለች፤ እኔ ግን ያወቅሁት
ከርስት ውል መሃል ነው፣ መሪጌታ ሲያነቡት።

ይጠቅማል ወይ ያላችሁኝ እንደሆነ፣ ይጠቅማል እላለሁ፤
ለብራናና ለግልባጩ። ለሌላው ገና እያሰብሁ ነው ያለሁ፣
ባይከፈል ኖሮ እኮ ያ ቃሏ ጨርሶ በጠፋ።
መሪጌታ «ይሰረዝ» ብለዋል። እስካሁን አልሰረዝሁትም።

ያን ማታ ደወልሁላት። ሙሉውን መስኮት ለእሷ ሰጠሁ።
ሲሰፋ ፊቷ መሃል ገባ፤ ስንጥቋንም ያኔ አየሁ፣
ከግንባሯ እስከ አገጯ የምትወርድ።
ለካስ በገሚሱ ሳያት ነው ደህና የምትመስለኝ።

«አባ፣ ምነው ዝም አልህ?»
«ምንም። ውሃው መጣ?»
«ከመጣ እኮ ቆየ።»